የቀያሹ ነጭ ሳምንት

ለዕረፍት አብረው የሚሄዱ ሰዎች ሁሉ፣ አራትም ይሁኑ አርባ፣ ከመካከላቸው አንድ የማያርፍ ሰው አላቸው። ማንም አልመረጠውም፣ ማንም አልሾመውም፣ ግን አለ። ሌላው ሻንጣ ይዞ ሲመጣ እሱ ደብተር ይዞ ይመጣል። ሌላው "አየሩ እንዴት ይሆን?" ሲል እሱ ያለፉትን ዘጠኝ ዓመታት አየር ከነቀኑ ይዘረዝራል። በየቤተሰቡ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሕንፃው አንድ አንድ ተመድቦልናል። "እኛ ጋ እንኳ እንዲህ ያለ ሰው የለም" የሚል አንባቢ ካለ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ያ ሰው ራሱ ነው።

ቶሪኖ ከተማ፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ ባለ አምስት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ለምንኖረው የደረሱን ክቡር ቀያሽ ኤቫዚዮ ጋላራቶ ናቸው። ጡረታ የወጡ የማዘጋጃ ቤት የመሬት ቀያሽ፣ ዕድሜያቸው ሰባ አራት፣ ጢማቸው በማስመሪያ የተከረከመ። እኛ ዘንድ ሰው በሙያው ነው የሚጠራው፤ ስለዚህ ሕንፃው በሙሉ "ቀያሽ" ይላቸዋል። "ክቡር" የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ለቀልድ። እሳቸው ግን የተቀበሉት እንደ ዘገየ ሹመት ነው።

ክቡርነታቸው የሚያቅዱት ነጩን ሳምንት ነው። በየዓመቱ በቅበላ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከሕንፃችን አምስት ቤተሰብ ተጠራርቶ ፔራሶላ ወደምትባል የተራራ መንደር በበረዶ ላይ ሊንሸራተት ይወጣል። ፔራሶላ ማለት ስድሳ ቤት፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ተራራው አናት የሚያወጣ አንድ የገመድ ወንበርና ዴልፊና የምትባል ሴት እንግዳ የምታሳድርበት ፔንሲዮን ናት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የመንደሯ ትልቁ ጩኸት የዴልፊና ድመት ነው። እኛም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደዚያች ጸጥታ ስንመላለስ ኖርን፣ በክቡርነታቸው ዕቅድ፣ በክቡርነታቸው ሰዓት።

ይህን ሁሉ የማወራው ባለፈው ጥቅምት ሰውዬውን ከሥልጣን ልናወርድ ስለተማከርን ነው። ሄዶ የሚነግራቸው ሰው ሲፈለግ ሁሉም ዞር ብሎ እኔን አየ። "አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው ነህ፣ ቃል አታጣም" አሉኝ። አንዳቸውም ጽሑፌን አንብበው አያውቁም። ለምን እንደተማከርን እንዲገባችሁ ግን በመጀመሪያ በክቡርነታቸው መታቀድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

በሐምሌ፣ የከተማው ሰው ሁሉ ባሕር ዳርቻ ተጋድሞ ሆዱን ፀሐይ ሲያስመታ፣ ክቡርነታቸው ብቻቸውን በአውቶቡስ ወደ ፔራሶላ ይወጣሉ። በክረምት በረዶ የሚሸፍነውን ቁልቁለት በእግራቸው ከላይ እስከ ታች ይወርዱታል፤ ድንጋይ የት እንዳለ፣ ጉድጓድ የት እንዳለ ይመዘግባሉ። የዴልፊና ወንድም ላሞቹን እዚያ ስለሚያግድ ላሞቹ ለምደዋቸዋል፤ ሲያልፉ ቀና ብለው እንኳ አያዩአቸውም ይባላል። አንድ ጊዜ ኮራዶ ሊያሾፍባቸው ሞከረ። ኮራዶ የባለቤቴ የቲልዴ ወንድም ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ካልሲውን እንኳ አስቦበት የማያጠልቅ ሰው።

"ቀያሽ፣ በየካቲት እኮ ሁለት ሜትር በረዶ ይተኛበታል። ድንጋዩ ምን ያደርግልዎታል?" አላቸው።

"አንድ ሜትር ብቻ ቢሆንስ? አስቤበታለሁ" አሉት።

"አስቤበታለሁ" የክቡርነታቸው ማኅተም ናት። ዝናብ ቢጥል አስበውበታል። ዳቦ ቤቱ ቢዘጋ አስበውበታል። የቲልዴ እናት በመጨረሻው ሰዓት "እኔም እመጣለሁ" ብትል፣ እሱንማ ከሁሉ አስቀድመው አስበውበታል። ሲጸልዩም በአሜን ፈንታ እሷን የሚሉ ይመስለኛል።

ከፔንሲዮኑ በር እስከ ገመድ ወንበሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ያውቃሉ። በራሳቸው እርምጃ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ በቲልዴ አምስት መቶ ሠላሳ፣ ያን ድንጋይ የመሰለ የመንሸራተቻ ጫማ ለተጫማ ሰው ደግሞ ስድስት መቶ ሰማንያ። ክፍል የሚደለድሉት በማንኮራፋት ነው። እኔ "ተከታታይ፣ ዝቅተኛ" ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። ኮራዶ "የሚቆራረጥ፣ አስጊ" ተብሎ ከማገዶ መጋዘኑ በላይ ያለችው ክፍል ተሰጠችው። ቲልዴ "እኔ አላንኮራፋም" ብላ ይግባኝ ጠይቃ ነበር፤ ቀኑንና ሰዓቱን አነበቡላት። ይግባኙ በዚያው ተዘጋ።

በጥቅምት ደግሞ የሰንሰለት ልምምድ አለ። ወደ ፔራሶላ የሚወስደው መንገድ በረዶ ስለሚይዘው በመኪና ጎማ ላይ ሰንሰለት መጠቅለል ግዴታ ነው፤ ይህን ደግሞ ክቡርነታቸው "ተራራ ላይ አይማሩትም" ይላሉ። ስለዚህ እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ እየፈጀችን፣ የሕንፃው ግቢ ውስጥ መኪኖቻችንን አሰልፈን፣ ጓንት አጥልቀን፣ ጎማ ሥር እንንበረከካለን። የማይሄዱት ጎረቤቶች በካናቴራ በረንዳቸው ላይ ተደግፈው ወይን እየበሉ ያዩናል። ክቡርነታቸው ሰዓት ይዘው ይቆማሉ። ኮራዶ አንድ ዓመት ሠላሳ አንድ ደቂቃ ፈጀበት፤ ያውም መኪናው የሚጎተተው በፊት ጎማው ሆኖ ሳለ ሰንሰለቱን የኋላው ላይ ነበር የጠቀለለው። ከአራተኛ ፎቅ ጭብጨባ ተሰማ። ክቡርነታቸው ግን አልሳቁም። "ተራራ ላይ ብንሆን ይሄኔ ደርቀሃል" ብለው እንደገና አስጀመሩት።

ከሁሉ የባሰው ግን የክብደቱ ነገር ነው። መንሸራተቻው ጫማን የሚይዝበት ማሰሪያ አለው፤ ሰው ሲወድቅ ለቆት እግሩ እንዲተርፍ ነው የተሠራው። ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት የሚታወቀው በሰውየው ክብደት ስለሆነ መንሸራተቻ አከራዩ ክብደታችንን በወረቀት ይጠይቃል። ሰው ደግሞ ስለ ክብደቱ እውነት አይጽፍም። እኔ በሠርጌ ቀን የነበረኝን ጻፍኩ። ቲልዴ ከሠርጓ በፊት የነበራትን ጻፈች። ታዲያ አንድ ቀን አከራዩ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ወረቀት ሾልኬ ሳየው፣ ከስሜ ፊት ያለው ቁጥር እኔ የጻፍኩት አይደለም፤ አሥራ አንድ ኪሎ ተጨምሮበታል። ያሳፈረኝ መጨመሩ ብቻ አይደለም፣ ልክ መሆኑ ነው።

ከየት እንዳመጡት ሄጄ ጠየቅኳቸው። ከአሳንሰሩ ነው። የሕንፃችን አሳንሰር ከሦስት መቶ ሃያ ኪሎ በላይ ከተጫነ ደወሉ ይጮኻል። ክቡርነታቸው ማን ከማን ጋር ሲገባ እንደሚጮኽ፣ ማን ሲወርድ ዝም እንደሚል ለዓመታት እየመዘገቡ፣ ደምረውና ቀንሰው የሕንፃውን ሰው ክብደት አንድ በአንድ አውጥተውታል። ተናድጄ ሁለት ሳምንት በደረጃ ወጣሁ። እሱንም መዝግበው ሁለት ኪሎ ቀነሱልኝ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከመካከላችን እግሩን የሰበረ ሰው እንደሌለ ልብ ያልኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ሲሳሳት እንዴት ይሆናል? ያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከመንደሯ ወደ ሸለቆው ለሽርሽር ልንወርድበት የነበረው አውቶቡስ ክቡርነታቸው ከጻፉት ሰዓት ስድስት ደቂቃ ቀድሞ ሄደ። እኛ ዳቦ ቤቱ ገብተን አንድ አንድ ትኩስ ነገር ጠጥተን ቀጣዩን ተሳፈርን፤ ነገሩ ለእኛ ይኸው ነው። እሳቸው ግን ቶሪኖ እንደገባን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው፣ በየበራችን አንድ አንድ ጠርሙስ ወይን እየያዙ ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ቤት ቆመው፣ ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ ብለው፣ "ሁለተኛ ከተሳሳትኩ ደብተሩን አስረክባለሁ" አሉ። የሚሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸውና ማንም ይህንን በቀልድ አልወሰደውም።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት፣ ከሰንሰለቱ ልምምድ ማግስት፣ ኮራዶ ሸፈተ። ከተራራው ወዲያ ማዶ ስላለ ትልቅ የመንሸራተቻ ከተማ ያወራል፤ አርባ የገመድ መስመር፣ ሙዚቃ፣ የሞቀ መዋኛ። ስልክህን አንድ ጊዜ ነካ ታደርጋለህ፣ አለቀ፣ ደብተር የለ፣ ሰዓት የለ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ዓይነት ሾርባ በላን ይላል። እኔም ስለ አሥራ አንዱ ኪሎ ቂም ነበረብኝና ልክ ነህ አልኩ። ቲልዴም ስለ ማንኮራፋቱ አልረሳችም። አንደኛ ፎቅ የምትኖረው መምህርት ኢመልዳ፣ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ አንድ ቀን ከክፍል ቀርታ የማታውቅ ሴት፣ መጀመሪያ ተቃወመች፤ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ…" አለች። የቀሩት ሁለት ቤተሰቦችም ብዙሃኑ ወዳለበት ነን አሉ። ክቡርነታቸው በኅዳር መጀመሪያ ለዴልፊና ደውለው ክፍሎቹን ስለሚይዙ፣ ከዚያ በፊት ሄጄ "ዘንድሮ ያለ እርስዎ ነው የምንሄደው" ማለት የእኔ ድርሻ ሆነ።

የምናገረውን ደረጃው ላይ አጠናሁት። ከሁለተኛ ፎቅ እስከ አምስተኛ ስደርስ አንጀት የማይቆርጥ፣ ክብር የማይነካ፣ ግን ቁርጥ ያለ ንግግር ተዘጋጅቶልኝ ነበር። በሩን ከፈቱ፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው፤ ፊታቸው በርቷል። ጠረጴዛው ላይ ካርታው ተዘርግቷል፣ አጠገቡ ሃያ ሦስተኛው ደብተር። የዘንድሮውን ዕቅድ በአንድ ገጽ አጠቃለው ጨርሰዋል። በየፖስታ ሣጥኑ የሚገባውን ቅጂ እንድጽፍላቸው ወረቀቱን ሰጡኝ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ወንበር ሳቡልኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ግን እውነቱን ንገረኝ" አሉ። "ኮራዶ ዘንድሮ ይመጣል?"

"ለምን ይቀራል ብለው አሰቡ?" አልኩ።

"አምና ሾርባው ሲቀርብ ስልኩን ነበር የሚያየው። ወጣት ነው፣ ይሰለቸዋል። ዴልፊናን በሳምንት ሁለት ቀን ሾርባውን እንድትለውጥ ለምኛታለሁ። አርባ ዓመት የሠራችውን መለወጥ ቀላል አይደለም፣ አኩርፋኛለች። ግን ለእሱ ብዬ ነው። እንዳትነግረው።"

እኔ ያ የተዘጋጀ ንግግሬ የት እንደገባ አላውቅም። "ይመጣል፣ ሁላችንም እንመጣለን" ብዬ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ፣ አልክድም።

ደረጃው ላይ ቆሜ ወረቀቱን ሳነበው ግን ቀኑ አላማረኝምና ስልኬን አውጥቼ ካላንደር ከፈትኩ። ቅበላ ከፋሲካ ጋር ወደፊት ወደኋላ የሚል ነገር ነው፤ ክቡርነታቸውም በሰው ካላንደር ስለማያምኑ እንደ ባሕረ ሐሳብ ሊቅ በየዓመቱ ራሳቸው ቆጥረው ነው የሚያወጡት። ዘንድሮ ተሳስተዋል። ነጩን ሳምንት ሁለት ሳምንት አስቀድመውታል። ትምህርት ቤት አይዘጋም፣ መሥሪያ ቤት ፈቃድ አይሰጥም፣ ፔራሶላም ቅበላ አልደረሰላትም። ስድስት ደቂቃ አይደለም ይሄ፤ አሥራ አራት ቀን ነው።

በዚያው ምሽት ሁሉም እኛ ቤት ራት ላይ ነበሩ፣ ምን እንዳሉኝ ሊሰሙ። ወረቀቱን ጠረጴዛው መካከል አኖርኩት። መጀመሪያ ያነበበው ኮራዶ ነው፤ ዕጣ እንደወጣለት ሰው ከመቀመጫው ብድግ አለ።

"በቃ፣ ተገላገልን" አለ። "ሁለተኛ ስህተት ነው። ራሳቸው ናቸው ያሉት፣ ደብተሩን ያስረክባሉ። እኛ ክፉ ነገር መናገር የለብንም፣ ይህንን ብቻ ማሳየት ነው።"

ቲልዴ ሳህን ማንሳት ጀመረች፣ ሳይበላ። ኢመልዳ ቀኑን በጣቷ እየቆጠረች ሁለት ጊዜ አረጋገጠችና መነጽሯን አወለቀች። "እሺ፣ ማነው የሚያሳያቸው?" አለች። ሁሉም እንደገና ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ግን በዚህኛው ጊዜ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ከዚያ እንዳልናገር የተባልኩትን ተናገርኩ፤ የሾርባውን ነገር።

"ለእኔ ብለው?" አለ ኮራዶ።

"ላንተ ብለው። ዴልፊና አኩርፋቸዋለች።"

"ዴልፊናን ለእኔ ብለው ተጣሉ?"

ሹካውን አስቀመጠ። ከዚያ ስልኩን አነሳና በረንዳ ወጣ። ወደ ትልቁ የመንሸራተቻ ከተማ የሚደውል መስሎኝ ነበር። በመስተዋቱ በኩል የሰማነው ግን ለአለቃው ሲናገር ነው፤ አያቱ በጠና ታመዋል፣ ሐኪሞቹ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው የሚቆዩት ብለዋል፣ ስለዚህ በዚያን ሳምንት ፈቃድ ይፈልጋል። እኚያ አያት ለእግር ኳስ ጨዋታ ሲሉ ቀድሞም ሁለት ጊዜ ሞተዋል። ሲመለስ ጆሮው ቀልቶ ነበር። "ምን ታዩኛላችሁ? ፓስታው ይቀዘቅዛል" አለን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ስንታቀድ የኖርን ሰዎች ማቀድ ጀመርን። ቲልዴ በምትሠራበት ፋርማሲ ተራዋን ከሦስት ሰው ጋር ተለዋወጠች። የልጆቹን መቅረት ለትምህርት ቤት የሚያስረዳ ደብዳቤ እኔ ጻፍኩ፣ አምስት ቤተሰብ አምስት ዓይነት ምክንያት። ከሁሉ ያስቸገረችን ኢመልዳ ናት። መምህር በቅበላ ካልሆነ ፈቃድ አያገኝም፤ ስለዚህ መታመም ነበረባት፣ መዋሸት ደግሞ አታውቅበትም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንድትስል አደረግናት። ጉሮሮዋን የምትጠርግ እንጂ የታመመች አትመስልም። ኮራዶ ከሆድሽ ነው፣ ከሆድሽ እያለ አሠለጠናት፤ እሷም "እቤቴ እለማመዳለሁ" ብላ እንደ ተማሪ የቤት ሥራ ይዛ ሄደች። ለዴልፊና ደውዬ፣ ከኢመልዳ ሳል እስከ ኮራዶ አያት ሁሉን ነግሬ አስማልኳት፤ ቀያሹ ቢጠይቁሽ ምንም አታውቂም አልኳት። በድመቷ ምላ ቃል ገባችልኝ።

እንዲህ ሆነን ወጣን፣ ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአርባ፣ ክቡርነታቸው በወሰኑት ደቂቃ።

ፔራሶላን እንደዚያ ባዶ ሆና አይቻት አላውቅም። የገመድ ወንበሩ ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ተኝቶ አገኘነው። ወረፋ የለ፣ ልጅ የለ፣ ቁልቁለቱ በሙሉ የእኛ። ክቡርነታቸው ግራ ቀኝ አይተው "ዘንድሮ ሰው ቀንሷል" ብቻ አሉ፤ እኛም ኑሮ ተወዶ ነው፣ ሰው ባሕር ይመርጣል እያልን አሥር ዓይነት ምክንያት በአንድ ጊዜ አወረድን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የቅበላው በዓል ከሁለት ሳምንት በኋላ መሆኑን የሚናገር ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ኮራዶ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመና ክቡርነታቸውን ስለ ጎማ ሰንሰለት አሠራር ሩብ ሰዓት ሙሉ ጠየቃቸው። እሳቸው በደስታ አስረዱት። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ "ምነው ዘንድሮ ቅበላ ሳይ…" ማለት ሲጀምር ኢመልዳ ሳል ለቀቀችበት፤ ሰውየው ውሃ ሊያመጣላት ሮጠ። ያን ጊዜ እንኳ ከሆዷ ነበር።

ሾርባው ሰኞ ተለወጠ። ኮራዶ ሁለት ሳህን በላ፣ ሦስተኛም ጠየቀ። እንደ እውነቱ ከሆነ የድሮው ይሻል ነበር።

በአራተኛው ቀን ከክቡርነታቸው ጋር ገመድ ወንበሩ ላይ አብረን ተቀመጥን። ወንበሩ ለሁለት ሰው ነው፤ ወደ ላይ ለመድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ እሳቸው እንደለኩት። ከእግራችን በታች ጥዶቹ በረዶ ተሸክመው ያልፋሉ።

"ኢመልዳን ሳሉ አልተዋትም?" አሉ።

"ተሽሏታል" አልኩ።

"ለትምህርት ቤቷ ምን ብላ ቀረች?"

የጓንቴን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመርኩ። እሳቸውም ወደ እኔ አላዩም፤ ፊት ለፊት ነው የሚያዩት። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ ነገሩኝ። በታኅሣሥ ፋርማሲው የአዲሱን ዓመት ካላንደር ሲያድል አንዱ እጃቸው ገባ፤ ለወጉ ያህል ሲያገላብጡት ስህተታቸውን አዩ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። ጠዋት ከረቫታቸውን አሥረው፣ ደብተሩን በወረቀት ጠቅልለው፣ ለእኔ ሊያስረክቡ ደረጃውን ወረዱ።

"አልደረሱም እኮ" አልኩ።

"በርህ ጋ ደርሼ ነበር። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ከታች ኢመልዳ ስትስል ሰማኋት። ትስላለች፣ ታቆማለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። የታመመ ሰው እንደዚያ አይስልም። ግራ ገባኝና ተመልሼ ወጣሁ። ዴልፊና ጋ ስደውል ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ሁሉን ዘከዘከችልኝ።"

"ኮራዶም—"

"የኮራዶን አያትም ነግራኛለች።" ጓንታቸውን አውልቀው ጢማቸው ላይ የያዘውን በረዶ ጠረጉ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለበረዶው የምትመጡ ነበር የመሰለኝ" አሉ።

እኔ የምለውን ስፈልግ ወንበሩ ጫፍ ደርሶ ኖሮ መነሳት ረሳሁና በደረቴ በረዶው ላይ ተደፋሁ። ሠራተኛው ነቅቶ ገመዱን አቆመ። ከኋላችን ኮራዶ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የማን ጅል ነው እያለ ይጮኻል። ክቡርነታቸው ተንሸራተው አጠገቤ ቆሙ፣ ዱላቸውን ዘረጉልኝ። ተደፍቼ እንዳለሁ፣ አፌ ውስጥ በረዶ ሞልቶ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያልተናገርኩትን ተናገርኩ፤ እወድዎታለሁ ቀያሽ፣ ሁላችንም እንወድዎታለን አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ መናገር ለእኔ አይሆንልኝም።

"አውቄያለሁ፣ ተነስ" አሉ። ጎትተው አቆሙኝ፣ ትከሻዬ ላይ ያለውን በረዶ አራገፉልኝ። ገመዱ እንደገና መንቀሳቀስ ጀምሮ ኮራዶ እየቀረበን ነበር። ክቡርነታቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ለሌሎቹ እንዳትነግራቸው" አሉኝ። "ብዙ ደክመውበታል።"